ጥሪ ነው ወይስ ቢል? በዕቃ ፋንታ ገንዘብ የጠየቀ አንድ ሠርግ

ይህን ለምን እጽፋለሁ

ሚዜ ሆኜ ያገለገልኩበት ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ከእድምተኞቻቸው ዕቃ ሳይሆን ገንዘብ ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር። ፍላጎታቸው ነውር የለበትም። አጠያየቃችን ግን ሠርጉን ሊያበላሸው ለትንሽ ነው የቀረው። "አጠያየቃችን" የምለው እጄ ስላለበት ነው። ካርዱ ላይ የወጣችውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማግባት የሚሰናዱ ሦስት ጓደኞቼ "እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" ብለው ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ ከመተረክ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ሙሽሮቹ ሁለቱም ጽሑፉን አንብበው "ይውጣ" ብለዋል። ሙሽራው አንድ ቦታ ላይ ቅር ብሎታል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ሁለት ፍሪጅ፣ ሁለት ክፍል

ሁለቱም ሠላሳዎቹን ያጋመሱና ለየብቻቸው ለዓመታት የኖሩ ናቸው። ኑሯቸውን ሲቀላቅሉ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆነ። ሁለት ፍሪጅ፣ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ካውያ። የተከራዩት ቤት ደግሞ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ከሠርጉ በፊት የመጀመሪያ ሥራቸው አንዱን ፍሪጅ መሸጥ ነበር።

የሙሽሪት እህት ልምድም ነበረ። እሷ ከአራት ዓመት በፊት ስታገባ አምስት የግድግዳ ሰዓት ደርሷታል። ሦስቱ እስካሁን ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ሰጪዎቹ ቤቷ በመጡ ቁጥር ዓይናቸው ግድግዳው ላይ የራሳቸውን ሰዓት ይፈልጋል። እሷም ማን እንደሚመጣ ስትሰማ ተሯሩጣ የእሱን ሰዓት ትሰቅላለች።

ሙሽሮቹ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ለቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ ነበር። ለሁለት ዓመት ቆጥበው ግማሹን ሞልተዋል።

ሙሽራው ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። አንድ ቀን ማስረጃ አገኘሁ ብሎ መጣ። ጆኤል ዋልድፎግል የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ የበዓል ስጦታ የተቀበሉ ሰዎች ለዕቃው የሚሰጡት ዋጋ ሰጪው ካወጣው ገንዘብ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያንሳል ይላል። በእሱ ስሌት እድምተኛ ዕቃ ገዝቶ ከሚመጣ ገንዘቡን ቢሰጥ ማንም አይከስርም። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ጥናቱ ላይ የተሳተፉት የስጦታውን ስሜታዊ ዋጋ ትተው እንዲገምቱ ነበር የተጠየቁት። ሠርግ ላይ ያንን ከተዉት የሚቀረው ምን እንደሆነ እንጃ። ያኔ ግን ማናችንም ይህን አላሰብንም።

ካርዱ

የሚጠሩት 160 ቤተሰብ ነበሩ። የካርዱ ጽሑፍ ለእኔ ተሰጠ። ከታች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ስጦታ ለማበርከት ላሰባችሁ ወዳጆቻችን፣ ከዕቃ ይልቅ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን እንመርጣለን።" ከሥሩ የሙሽራው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ገባ። "ወዳጆቻችን" የምትለው ቃል ስላለችበት ጨዋ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ 40 ካርድ አደልን። ሦስት ቀን አልሞላም።

የሙሽራው አጎት ደወሉ። ሰላምታ እንኳን አላስረዘሙም። "ስማ እንጂ፣ ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው ወይስ የመብራት ቢል?" አሉት። እሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የሙሽሪት አክስት የደወሉት ለእናቷ ነው። ለስምንት ወር የአልጋ ልብስ በዳንቴል ሲሠሩ ከርመዋል፤ ለማንም አልተናገሩም። "እንግዲህ ሸጬ ገንዘቡን ላምጣላት?" አሉ። እናቷ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ መቀመጧን ሙሽሪት ነግራኛለች።

ሦስተኛዋ አላማረረችም። የሙሽሪት የሥራ ባልደረባ ናት። የዚያን ቀን ጉዞ እንዳለባት በአጭር መልእክት ጽፋ እንደማትመጣ አሳወቀች። ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማነው። ጉዞ የሚባል ነገር አልነበረም። ደመወዟ ትንሽ ነው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አዋጥተው አንድ ጥሩ ዕቃ ሊገዙ ተነጋግረው ነበር። ካርዱን ስታይ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ገንዘብ የሚሰጡ መሰላት። የእሷ መጠን ደግሞ ፖስታ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አሰበችው።

አጎትየው ስለተቆጡ ጉዳያቸው ቶሎ ታወቀ። ጉዳት ያደረስንባት ግን እሷ ላይ ነበር። የሚቆጣ ሰው ቢያንስ ቅሬታውን ይነግርሃል። የሚያፍር ሰው ዝም ብሎ ይቀራል።

የዕቃና የፖስታ ልዩነት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

ዕቃ ዋጋውን ይሸፍናል። በቅናሽ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ አራት ሰው ያዋጣበት ሊሆን ይችላል። በወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ ማንም ሒሳብ አይሠራም። ገንዘብ ግን ከነቁጥሩ ነው የሚመጣው። ሰጪው እኔ ስንት ሰጠሁ፣ እነ እገሌስ ስንት ሰጡ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ እንፈልጋለን የሚል ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም "ቁጥርህን አሳየኝ" እያለ ነው።

ይህ ማለት ግን ገንዘብ መስጠት በራሱ ነውር ነው ማለት አይደለም። በጃፓን ለሠርግ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው፤ በቻይናም በቀይ ፖስታ ይሰጣል። የጃፓኑ ሥርዓት ብዙ አስተምሮኛል። ለሠርግ የተዘጋጀ ልዩ ፖስታ አለ። መጠኑ የሚጻፈው ከውስጥ ባለው ሁለተኛ ፖስታ ላይ ስለሆነ ሰጪው በር ላይ ሲያስረክብ ቁጥሩ አይታይም። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ የሰጪው ስምና መጠኑ ይመዘገባል፤ ቤተሰቡ በተራው ለመመለስ ይጠቀምበታል። ይህም የሚሠራው ሁሉም ሰው ደንቡን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። እኛ ጋ የታወቀ ደንብ አልነበረም። ደንቡን በአንድ መስመር ካርድ ላይ አውጀን እድምተኛው እንዲከተለን ጠበቅን።

ማስተካከያው

የቀሩትን 120 ካርዶች ያለዚያ መስመር እንደገና አሳተምን። ወጪው አበሳጨን፤ ግን ከማደል ይሻላል።

የተበተኑት 40 ካርዶች ናቸው ያጨቃጨቁን። እኔ ለሁሉም ደውለን ይቅርታ እንጠይቅ አልኩ። ሙሽራው ማብራሪያ እንላክ አለ፤ ምናልባትም ከነጥናቱ። የሙሽሪት እናት ሁለታችንንም አስቆሙን። "ልጆች፣ ይቅርታ ስትሉ ነገሩን ልብ ያላለውም ልብ ይለዋል። ስለ ስጦታ አታንሱ። ደውላችሁ 'እንዳትቀሩብን' ብቻ በሉ።" እንዳሉት አደረግን። ለአርባውም ቤት ተደወለ። በዚህ ሁሉ ሒደት ከተደረገው ነገር ይህን የሚያህል የለም። አጎትየው እንኳን ከዚያ በኋላ የቢሉን ነገር ለቀልድ ካልሆነ አላነሱትም።

ለአክስቲቱ ግን ስልክ አልበቃም። ሙሽሪት ራሷ ሄዳ የአልጋዋን ልክ ሰጠቻቸው። ስለ ካርዱ አንድም ቃል አልወጣትም። "የአልጋዬ ልክ ይሄ ነው፤ ይደርሳል?" ነው ያለቻቸው። አክስቲቱ ሊያልቅ ምን ያህል እንደቀረው እየዘረጉ አሳዩዋት።

ከዚያ በኋላ መንገዳችንን ለወጥን። የሚጠይቅ ሰው ካለ ብቻ ይነገረዋል፤ ያልጠየቀ ምንም አይሰማም። ብዙ ሰው ለሠርግ ሲጠራ "ምን ይሻላቸዋል?" ብሎ የቅርብ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ሁለቱ እናቶች፣ የሙሽራው አባት፣ የሙሽሪት እህትና እኔ መልስ ሰጪ ሆንን። መልሱንም አጠናነው፦ "ቤት ሊገዙ እያጠራቀሙ ነው፤ ዕቃ አላቸው። ያሰብከው ነገር ካለ ግን እሱም ደስ ይላቸዋል።" የመጀመሪያው ክፍል ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ሁለተኛው በር ይከፍታል። የሒሳብ ቁጥሩን የሚያገኘው "እንዴት ልላክላቸው?" ያለ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሰው ከመስመር ወጣ። የሙሽራው አባት ሁለተኛውን ክፍል ዘለሉት። ይባስ ብሎም ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ቢያንስ ይህን ያህል" እያሉ መጠን ይነግሩ ጀመር። ቅን ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው የሠሩ ነው የመሰላቸው። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ሦስት ሰው ቅር ተሰኝቶ ነበር። ልጃቸው "አባዬ፣ አንተ አትድከም፤ የሚጠይቅህን ወደ ሚዜው ምራው" አላቸው። እፎይ ያሉ መሰሉኝ።

የዕቃ ዝርዝርም አዘጋጀን። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። ገንዘብ የምንፈልግ ከሆነ ዝርዝሩ ለምን? የሙሽሪት እህት ገንዘብ መስጠት የሚጨንቀው ሰው አለና መውጫ ይኑረው አለች። 12 ነገር ጻፍን፤ ከዋጋቸው ትልቅም ትንሽም አለ። ዝርዝሩ እሷ ጋ ተቀመጠ፤ ለጠየቃት ትነግራለች፤ የተያዘውን ትሰርዛለች። ዘጠኙ ተያዙ። ለዚያች የሥራ ባልደረባም እሷ ናት የደወለችላት። "አራት ሆናችሁ አንድ ነገር ብትይዙ ደስ ይላቸዋል" አለቻት። ጉዞው ተሰረዘ።

የዕለቱ ጠረጴዛ

መግቢያው ላይ ጠረጴዛ አደረግን። በላዩ የፖስታ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ተቀመጠ፤ ቁልፉ የሙሽሪት እህት ጋ ነው። ከጎኑ ባዶ ፖስታዎች ነበሩ፤ ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው እዚያው አሽጎ ያስገባል። የእንግዶች መዝገብ ለብቻው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። መዝገቡ ላይ የፈረመ ሁሉ ሰጥቷል፣ ያልፈረመ አልሰጠም እንዳይባል ብለን ነው።

ይህ ሁሉ ታስቦበት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አበላሸነው። የሙሽራው የአጎት ልጅ፣ የማን ሐሳብ እንደሆነ እስካሁን አልተነገረኝም፣ ደብተር ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ፖስታ እየከፈተ ስምና መጠን ይመዘግብ ነበር። እኔ ከሙሽራው ጋር ስለነበርኩ አላየሁም። ያወቅሁት ሰልፍ መኖሩን ሲነግሩኝ ነው። ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥተው ፖስታቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ አየኋቸው። ልጁን አስነሳሁት፤ ደብተሩን ወሰድኩ። ሽማግሌው ዘግየት ብለው ተመልሰው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ። የስንቱን ሰው ፖስታ ፊቱ ላይ እንደከፈተበት አላውቅም።

ማታ ሣጥኑን እኔና የሙሽሪት እህት አብረን ከፈትን። ከሁለት ወገን አንዳንድ ሰው መሆኑ ጥሩ ነበር። እየቆጠርን ዝርዝር ጻፍን፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ ገንዘቡን በነጋታው ባንክ አስገባን።

ውጤቱ

131 ቤተሰብ መጣ። 78ቱ ፖስታ ሰጡ፣ 29ኙ በባንክ አስተላለፉ፣ 17ቱ ዕቃ አመጡ፣ 7ቱ ምንም አልሰጡም። እነዚያ ሰባቱ በመምጣታቸው ሙሽሪት ከማንም ያላነሰ ተደስታለች።

ከቀሩት 29 ቤተሰቦች 14ቱ መጀመሪያ ካርድ ከደረሳቸው አርባዎቹ ናቸው። ከ120ዎቹ የቀሩት 15 ብቻ። ይህን ሳሰላ ደነገጥኩ። ነገሩን ሁሉ በካርዱ ላይ ማላከክ ግን ልክ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያደልነው ሩቅ ላሉትና ለአረጋውያን ስለነበር እነሱ ካርዱ ባይኖርም ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ግማሹ የኔ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው ብዬ ወስጃለሁ።

ገንዘቡ ከተጠበቀው 60 በመቶ ያህል ሆነ። እዚህ ላይ ከባድ ስህተት ነበረ። ሙሽራው የእድምተኛውን ቁጥር በገመተው አማካይ መጠን አባዝቶ ውጤቱን እንደተረጋገጠ ገቢ ይዞታል። በዚያ ተማምኖ ከሠርጉ በፊት የቤት ውል ፈርሟል። ጉድለቱን ከወንድሙ ተበድሮ ሞላ። ቤቱ ተገዝቷል፤ ብድሩ ገና ነው። ያልተሰጠ ስጦታ ላይ ውል መፈረም ጓደኛዬ ቢሆንም ሞኝነት ነው ብዬዋለሁ።

በባንክ የመጣው ሌላ ጣጣ ነበረው። የገባው ደመወዙ በሚገባበት ሒሳብ ስለሆነ ስጦታውን ከሌላው ገቢ ለመለየት ቀናት ፈጀ። የሰባቱን ላኪ መለየት አልቻልንም። አንዱ ከልጁ ሒሳብ ልኳል፣ ሌላዋ ከባሏ፤ ስሙን የምናውቀው አልነበረም። በሦስት ሳምንት አምስቱን አገኘናቸው። ለሠርጉ ብቻ የተከፈተ ሒሳብ ቢኖር፣ ቁጥሩን ስንሰጥም "ስምህን ጻፍበት" ብንል ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ዝርዝሩን ማን አየ

ሙሽሪት ለአንድ ወር አላየውም አለች። ከሰው ጋር ስትገናኝ ቁጥሩ ዓይኗ ላይ እንዲመጣ አልፈለገችም። ሙሽራው በዚያው ሌሊት አየው። አንድ የልብ ጓደኛው የሰጠው መጠን አነሰበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳለትም። ከዚያ ሌላ ጓደኛ ነገረው፤ ሰውየው ሥራ ከለቀቀ አራት ወር ሆኖታል፤ የሠርጉ ደስታ እንዳይደበዝዝ ብሎ ነው ያልተናገረው። ቅር ብሎታል ያልኩት ቦታ ይህ ነው። "ይቅር" ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ በኋላ "ይግባ" አለ።

ለቀጣዩ የምነግረው

ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምለው ካርድ ላይ ስለ ስጦታ ምንም አትጻፉ ነው፤ በጨዋ ቃልም ቢሆን። ጥሪ ሰውየውን ነው የሚፈልገው። ከጥሪው ጋር ሌላ ፍላጎት ሲጨመር ጥሪው ራሱ ይቀንሳል። የፈለጋችሁትን የሚያውቁ አራት አምስት ሰዎች ይበቃሉ፤ እነሱም ተመሳሳይ መልስ ይኑራቸው። መጠን የሚባል ነገር ከማንም አፍ እንዳይወጣ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ይታወቅ። "ገንዘብ እንፈልጋለን" እና "ቤት እየገዛን ነው" ጆሮ ላይ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ከቤቱ ላይ ድርሻ ያለው ይመስለዋል፤ እውነትም አለው።

የሰጪው ቁጥር ከመግቢያው እስከ ምስጋናው መሸፈን አለበት። ሣጥኑም፣ ባዶው ፖስታም፣ ደብተር የያዘ ልጅ አለመኖሩም ለዚህ ነው። ዝርዝሩን ሙሽሮቹ ወዲያው ባያዩት ይሻላል። ማየት ካለባቸው ለምስጋና ይሁን።

ስለ ምስጋናው ሙሽሪት አንድ ጥሩ ነገር አደረገች። ቤቱን በተረከቡ ቀን በሩ ላይ ፎቶ ተነሱና ለሁሉም ላከችው። መልእክቱ "በሩን አብራችሁን ከፍታችኋል" ይላል። የሰጠ፣ ያልሰጠ፣ ዕቃ ያመጣ አልለየችም። ለአክስቲቱ ብቻ ሌላ ፎቶ ሄደ፤ አልጋውና ዳንቴሉ። ልኩ አንድ ስንዝር ያህል ጎድሎ ነበር። በግርጌ በኩል ስላነሳችው አይታይም።

የአጎትየው ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ሲገኝ ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፍ "ቢሉ ተከፍሏል" የሚል ነበረበት። ሙሽራው ፖስታውን አልጣለውም።

ሁለቱ የባንክ ላኪዎች እስካሁን አልተገኙም። ሙሽሪት መንገድ ላይ ያገኘችውን የሠርጓን እድምተኛ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥላ "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ትለዋለች። አንዳንዱ ግራ ተጋብቶ "ስለ ምኑ?" ይላል። "እሱማ አይደለም" ትለኛለች፤ ከቀሪዎቹም ላይ ስሙን ትሰርዛለች።